የሳይፋይ ሲዝን ለቤታችሁ ስትመርጡ፦ ዲቪዲ፣ ብሉሬይ፣ ፍላሽ ወይስ ኢንተርኔት? ለጅማ ተመልካቾች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ጅማ ውስጥ የአንድ ሳይፋይ (የሳይንስ ልብወለድ) ተከታታይ ሙሉ ሲዝን ቤቱ ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው አራት አማራጭ አለው፦ ፍላሽ ማስሞላት፣ በኢንተርኔት ማየት፣ ኦሪጅናል ዲቪዲ ማስመጣት፣ ኦሪጅናል ብሉሬይ (ከዲቪዲ የላቀ የምስል ጥራት የሚይዝ ዲስክ) ማስመጣት። ክርክሩ ብዙ ጊዜ «ብሉሬይ ይበልጣል፤ ግን ውድ ነው» በሚል ይዘጋል። ለሲኒማ ፊልም ይህ አባባል ብዙም አያሳስትም። ለቴሌቪዥን ተከታታይ ግን ገንዘብ ያስበላል፤ ምክንያቱም የአንድ ሲዝን ጥራት የሚወሰነው ዲስኩ ከመታተሙ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ምስሉ በምን ተቀረጸ? በምን ላይ ተቀናበረ? የሲዝኑን ዲስኮች በሳጥን ያወጣው ኩባንያ ወደ ዋናው ፊልም ተመልሷል ወይስ የቆየ ቴፕ ገልብጧል? እነዚህን ጥያቄዎች ሳይመልስ ዲቪዲና ብሉሬይ የሚያወዳድር ሰው የሚያወዳድረው ፕላስቲኩን ነው።

(ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሳጥኖቹ ጀርባ ላይ የምታገኙትም እሱን ነው።)

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ

ልዩነቱን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» ነው። ከ1987 እስከ 1994 የተላለፈው ይህ ተከታታይ የተቀረጸው በ35 ሚሊሜትር ፊልም ነው። ቅንብሩና የጠፈር መርከቧ ልዩ ትዕይንቶች የተሠሩት ግን በዘመኑ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ደረጃ፣ በ480 መስመር ቪዲዮ ቴፕ ላይ ነበር። በ2002 የወጣው ዲቪዲ የተቀዳው ከዚያ ቴፕ ነው። በ2012 የመጀመሪያው ሲዝን በብሉሬይ ሲወጣ ግን የተከታታዩ ባለመብት ሲቢኤስ የፊልሙን ኔጌቲቮች ከማከማቻ አውጥቶ እንደገና ስካን አደረገ፤ እያንዳንዱን ክፍል ከድሮው ቅንብር ጋር እያመሳከረ ከዜሮ ገጣጠመው፤ የመርከቧን ሞዴል ቀረጻዎችም አንድ በአንድ እንደገና ደራረበ። ውጤቱ በዓይን ይታያል። በዲቪዲው የመርከቧ መስኮቶች አንድ ላይ የተቀባ ብርሃን ይመስላሉ፤ በብሉሬዩ እያንዳንዱ መስኮት ለብቻው ይቆጠራል፣ የካፒቴን ፒካርድ የደንብ ልብስ ስፌት ሳይቀር ይለያል። እዚህ ላይ ለብሉሬይ የሚከፈለው ጭማሪ ተገቢ ነው፤ ምስሉ ከዲቪዲው ጋር በአንድ ምንጭ አይገናኝም ማለት ይቻላል።

አሁን የዚሁ ቤተሰብ የሆኑትን «ዲፕ ስፔስ ናይን» እና «ቮየጀር»ን ተመልከቱ። እነሱም በፊልም ተቀርጸው በቴፕ የተቀናበሩ ናቸው፤ ነገር ግን ያን አድካሚ ሥራ የሠራላቸው የለም። የኔክስት ጀነሬሽን ብሉሬይ እንደታሰበው አለመሸጡ እንደ አንድ ምክንያት ይጠቀሳል። የሲዝኖቻቸው ኦሪጅናል ብሉሬይ ገበያ ላይ ስለሌለ፣ «የቮየጀር ብሉሬይ አለኝ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ የሚሸጥላችሁ የተለጠጠ ዲቪዲ ነው። ለእነዚህ ሁለቱ ያለ ማንገራገር ዲቪዲውን ግዙ።

«ባቢሎን 5» ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ግን አጥብቄ የምወደው ተከታታይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሰዎቹ የተቀረጹት በፊልም ነው፣ ለሰፊ ስክሪን እንዲያገለግልም ታስቦ። የጠፈር ውጊያዎቹ ግን በዘመኑ ኮምፒውተር፣ በአነስተኛ ጥራት፣ ለ4 በ3 ስክሪን (ለድሮው ቴሌቪዥን ጠባብ ቅርጽ) ብቻ ነው የተሠሩት። ዲቪዲው በሰፊ ስክሪን እንዲወጣ ሲወሰን ችግር ተፈጠረ፤ የኮምፒውተር ትዕይንቶቹ ከላይና ከታች ተቆርጠው ተለጠጡ። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ጥርት ያለው ምስል፣ መርከብ ብቅ ሲል በድንገት ይደበዝዛል፤ የመርከቧ ጫፍም ከስክሪኑ ውጭ ይቀራል። በታኅሣሥ 2023 የወጣው ብሉሬይ ወደ 4 በ3 ተመለሰ፤ ፊልሙ እንደገና ስካን ተደርጓል፣ የኮምፒውተሩ ትዕይንቶችም ሳይቆረጡ ሙሉ ሆነው ይታያሉ። ሰፊ ቴሌቪዥን የገዛ ሰው ግራና ቀኝ ጥቁር ሲያይ ቅር ሊለው ይችላል። በሪሞት «ዙም» ወይም «ሙሉ ስክሪን» አድርጋችሁ እንዳትለጥጡት እለምናችኋለሁ፤ ሰዎቹ ይወፍራሉ ወይም ግንባራቸው ይቆረጣል። ለባቢሎን 5 መልሴ አንድ ነው፤ ብሉሬይ።

የድሮው የቢቢሲ «ዶክተር ሁ» በተቃራኒው የስቱዲዮ ክፍሎቹ የተቀረጹት በቪዲዮ ቴፕ ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሰካን ፊልም የለም። ከ2018 ጀምሮ በሲዝን በሲዝን የሚወጡት የብሉሬይ ሳጥኖች የሚያሳዩት በጥንቃቄ የጸዳ የድሮ ቪዲዮ ነው። ዋጋቸው ያለው በአዳዲስ ቃለ መጠይቆችና በተጨማሪ ዝግጅቶች ላይ ነው፤ ታሪኩን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ያገለገለ ዲቪዲ ይበቃዋል። አንድ ደስ የሚል ልዩ ሁኔታ ግን አለ። በ1970 የተላለፈው «ስፒርሄድ ፍሮም ስፔስ» የተባለው ታሪክ፣ ቢቢሲ ውስጥ በተነሳ የሥራ ማቆም አድማ ምክንያት ስቱዲዮ ስለታጣ ሙሉ በሙሉ በ16 ሚሊሜትር ፊልም ተቀረጸ። ከድሮዎቹ ውስጥ በእውነተኛ ከፍተኛ ጥራት ብሉሬይ ላይ ሊወጣ የቻለውም በዚያ አድማ ምክንያት ነው።

ስለ 2000ዎቹ «ባትልስታር ጋላክቲካ» አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ምስሉ ሆን ተብሎ ሸካራና ነጠብጣብ የበዛበት ተደርጓል። ብሉሬዩ ያንን በታማኝነት ያሳያል፤ ዲስኩ የተበላሸ መስሏችሁ ወደ ሻጩ እንዳትመልሱት።

የ1960ዎቹን የመጀመሪያውን «ስታር ትሬክ» ለሚፈልግ ደግሞ የ2009ኙ ብሉሬይ ሁለቱንም ይዟል፤ የድሮውን የሞዴል መርከብና በኋላ በኮምፒውተር የተሠራውን። በሪሞት እየቀያየራችሁ ማየት ትችላላችሁ። በዚህ ጉዳይ ምርጫው ለራሳችሁ ቢተው ነው የሚሻለው።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሙሉ ነው?

ከምስል ጥራት ቀጥሎ፣ ለአንዳንድ ተከታታዮችም ከእሱ በፊት፣ የሚመጣው የክፍሎቹ ብዛትና ቅደም ተከተል ነው። «ፋየርፍላይ» 14 ክፍል አለው። በ2002 ፎክስ ቴሌቪዥን ያስተላለፈው 11ዱን ብቻ ነበር፤ ያውም አዘበራርቆ። ሰዎቹን የሚያስተዋውቀው የሁለት ሰዓቱ መክፈቻ በቴሌቪዥን የታየው መጨረሻ ላይ ነው! በታኅሣሥ 2003 የወጣው ዲቪዲ 14ቱንም በታሰበው ቅደም ተከተል ይዞ መጣ፣ በደንብ ተሸጠ፣ ያ ሽያጭም «ሴረኒቲ» የተባለው የ2005 ፊልም እንዲሠራ በር ከፈተ። ዲስክ መግዛት ለሥራው ምን እንደሚያደርግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ተከታታዩን ከሰው ፍላሽ የምትገለብጡ ከሆነ የፋይሎቹን ተራ ከሳጥኑ ዝርዝር ጋር አመሳክሩ፤ በቴሌቪዥኑ ተራ የተሰየመ ፎልደር ከሆነ ታሪኩ ከመሃል ይጀምርባችኋል።

ሁለተኛው ወጥመድ ግማሽ ሲዝን ነው። የባትልስታር ጋላክቲካ ሁለተኛ ሲዝን 20 ክፍል ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ግን በዲቪዲ የተሸጠው «2.0» እና «2.5» ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ ነው። ያገለገለ ዕቃ መደብር ውስጥ በርካሽ ያገኛችሁት ሳጥን አንዱ ግማሽ ብቻ እንዳይሆን ጀርባውን አንብቡ። በተጨማሪም ታሪኩ የሚጀምረው በ2003ቱ ሚኒ ሲሪስ (ከሲዝኑ በፊት በተላለፈ አጭር ተከታታይ) ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ሲዝን ስትገዙ ሚኒ ሲሪሱ አብሮ መኖሩን አረጋግጡ። በ2005 የወጣው የአሜሪካው ዲቪዲ ሳጥን ይዞታል።

ማጫወቻችሁ ምን ይቀበላል?

እዚህ ጋር ነው ብዙ ሰው ዘመዱ ከውጭ ያመጣለትን ውድ ሳጥን ለጌጥ የሚያስቀምጠው። ዲስኮች የአገር ኮድ አላቸው። በዲቪዲ አከፋፈል ኢትዮጵያ ያለችው በቁጥር 5 ነው፤ አሜሪካ 1፣ እንግሊዝም ዱባይም 2 ናቸው። በብሉሬይ አከፋፈል ደግሞ አፍሪካ፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ አንድ ላይ «ቢ» ውስጥ ሲሆኑ አሜሪካ «ኤ» ናት። የ4ኬ ብሉሬይ ዲስኮች ኮድ የላቸውም።

ይህ ለጅማ ሰው ምን ማለት ነው? መርካቶም ሆነ ሄርማታ አካባቢ ካሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የሚገዙት ርካሽ ዲቪዲ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ኮድ አይጠይቁም፣ ከየትም የመጣ ዲቪዲ ያነባሉ። ከመግዛታችሁ በፊት የውጭ ኦሪጅናል ዲስክ ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስሞክሩ። ብሉሬይ ላይ ግን ነገሩ ይጠብቃል። በከተማችን ብሉሬይ ማጫወቻ ብሎ ለብቻው የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው፤ በብዙ ቤት ያለው ብሉሬይ ማጫወቻ ባለቤቱ ልብ ያላለው ፕሌይስቴሽን ነው። ፕሌይስቴሽን 3፣ 4 እና ዲስክ ማስገቢያ ያለው 5 ብሉሬይ ያጫውታሉ፤ 4ኬ ብሉሬይ የሚያነበው 5ቱ ብቻ ነው። የጨዋታ ዲስክ ከየትም ቢመጣ ስለሚሠራ ፊልሙም የሚሠራ ይመስለናል፤ ለፊልም ዲስክ ግን ማሽኑ ኮዱን ይጠይቃል። ከዱባይ የመጣ ፕሌይስቴሽን ዲቪዲ 2 እና ብሉሬይ «ቢ» ነው የሚያነበው፤ ይህም በትክክል ከእንግሊዝ ዕትም ጋር ይገጥማል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ማጫወቻው ፕሌይስቴሽን ከሆነ ከአሜሪካ ዕትም ይልቅ የእንግሊዙን አስመጡ። አሜሪካ ያለ ዘመድ ብቻ ካላችሁ፣ ሳጥኑ ላይ ያለውን የኮድ ምልክት ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። አንዳንድ ኩባንያዎች ያለ ኮድ ስለሚያትሙ ዕድል ሊኖራችሁ ይችላል።

የአሜሪካ ዲቪዲ ሌላም ነገር አለው። ኤንቲኤስሲ ነው፤ የእኛ አገር የቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል ነው። ጠፍጣፋዎቹ ቴሌቪዥኖች ሁለቱንም ስለሚቀበሉ አትጨነቁ፤ በድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን ግን ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሊሆን ወይም ሊንቀጠቀጥ ይችላል። የፓል ዲቪዲ በበኩሉ 576 መስመር ስላለው ከ480ው ይሻላል፤ ነገር ግን በፊልም የተቀረጸ ተከታታይ በፓል ሲታተም በ4 በመቶ ገደማ ይፈጥናል። የ45 ደቂቃ ክፍል ወደ 43 ይወርዳል፣ ድምፅም በጥቂቱ ይቀጥናል። አብዛኛው ሰው አያስተውለውም፤ ሙዚቃ ላይ ጆሮው የሠለጠነ ሰው ግን ይሰማዋል።

የላፕቶፕ ዲቪዲ ማስገቢያ ብሉሬይ አያነብም፤ ዲስኮቹ በመጠን እኩል ስለሆኑ ብቻ አትሸወዱ። ከአሜሪካ ማጫወቻውን ራሱን የሚያስመጣ ሰው ደግሞ ጀርባው ላይ ያለውን ቮልት ያንብብ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 በአንድ ሰከንድ ያቃጥለዋል። «100–240» የሚል ከሆነ ምንም ትራንስፎርመር አያስፈልገውም። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ኃይል ስላለ ማጫወቻውን ስታቢላይዘር ላይ ሰኩት፤ መብራት ሲሄድም ሶኬቱን ንቀሉ።

ሰብታይትልም አለ። ቤት ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ እንጂ እንግሊዝኛ በደንብ የማይከተል ሰው ካለ ጽሑፉ ለሚያስረዳው ልጅ ትልቅ እገዛ ነው። አንዳንድ የአሜሪካ ዲቪዲዎች «ሲሲ» የሚል ምልክት ብቻ አላቸው፤ ያ ጽሑፍ በኤችዲኤምአይ ገመድ አያልፍም። «ሰብታይትል፦ ኢንግሊሽ» የሚል ፈልጉ።

ፍላሽ ማስሞላት

በከተማው ከሁሉ የሚቀለው ይሄ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው አካባቢማ ሙሉ ሲዝን በሻይ ዕረፍት ይሞላል። መብራት ቢሄድም በስልክ ወይም በላፕቶፕ ባትሪ ይታያል። ተከታታዩን ይወዱት እንደሆነ ለመሞከር ለሚፈልጉ አልፈርድም።

ግን የሚጠፋውን ነገር በግልጽ እወቁ። አንድ የብሉሬይ ዲስክ እስከ 50 ጊጋባይት ይይዛል፤ አምስት ክፍል ቢሰፍርበት ለአንዱ 10 ጊጋባይት ገደማ ይደርሰዋል። ፍላሽ ላይ የሚሰጣችሁ ክፍል ብዙ ጊዜ 300 ወይም 400 ሜጋባይት ነው። ሳሎን ውስጥ ሁለት ሰዎች የሚያወሩበት ድራማ ይህን ቅነሳ ይችለዋል። ሳይፋይ አይችለውም፤ ምክንያቱም ግማሹ ምስል ጥቁር ነው። ፋይል ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚሠዋው የጨለማ ዝርዝር ነው። ከዋክብት ይጠፋሉ፣ ከመርከቧ ጀርባ ያለው ጠፈር ወደ ግራጫ አራት ማዕዘኖች ይሰባበራል፣ መርከቧ ስትዞር አራት ማዕዘኖቹ አብረዋት ይጎተታሉ። ማታ መብራት አጥፍታችሁ በ43 ኢንች ቴሌቪዥን ብታዩት ዓይናችሁ ከዚያ ላይ አይነሳም።

ፍላሹ ፋት32 ተብሎ የተፎረመተ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ኤክስፋት አስደርጉት፣ ግን ቴሌቪዥናችሁ ኤክስፋት ማንበቡን አስቀድማችሁ ሞክሩ። ድምፅ ከሌለው የፋይሉ ድምፅ ዲቲኤስ የተባለው ዓይነት ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ምስል ከሌለው ደግሞ ኤች.265 በተባለው የምስል አጨማመቅ የተሠራ ይሆናል፤ የቆዩ ቴሌቪዥኖች አያውቁትም።

«ኦሪጅናል ዲቪዲ» ተብሎ ቅጂ እንዳይሸጥላችሁ ዲስኩን ገልብጣችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። በፋብሪካ የታተመ ዲቪዲ ጀርባው ብርማ ወይም ትንሽ ወርቃማ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ የተቀዳ ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ጥላ ይታይበታል። የተቀዳው በፀሐይና በሙቀት ቶሎ ይበላሻል።

በኢንተርኔት ማየት

ኔትፍሊክስ ከ2016 ጀምሮ አገራችን ውስጥ ይሠራል። ችግሩ በውጭ ምንዛሪ መክፈሉና ዳታው ነው። ኔትፍሊክስ በከፍተኛ ጥራት በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል። የኔክስት ጀነሬሽን የመጀመሪያ ሲዝን 26 ክፍል ነው፤ ወደ 20 ሰዓት ስለሚጠጋ እንዲህ ያለ ሲዝን በዚያ ሂሳብ 60 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። በመደበኛ ጥራት ወደ 20 ጊጋባይት ይወርዳል፤ ያኔ ደግሞ ከዲቪዲ ብዙ አትርቁም። ያልተገደበ ዋይፋይ ቤቱ ላስገባ ሰው ጥሩ ነው። ሆኖም ፈቃዱ ሲያልቅ ተከታታዩ ይነሳል፤ ሲዝኑን እየደጋገመ ማየት ለሚወድ ሰው አላምነውም።

ስለ ጅማ እርጥበት

የሲዝን ሳጥን የምትገዙት ለዓመታት ነውና ይህን እወቁ። ክረምቱ ረጅም ነው፤ ልብስና መጽሐፍ የሚያሻግተው እርጥበት የካርቶን ሳጥንንም አይምርም፣ ዲስክ ላይም ነጭ ሻጋታ ያበቅላል። ሳጥኑን ግድግዳ ተጠግቶ ካለ መደርደሪያ አርቁት፣ ዲስኮቹን አቁማችሁ አስቀምጡ፣ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትጥሏትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምሩበት። ስትወለውሉ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ይሁን፤ ዙሪያውን አትሹ። ዙሪያውን የሄደ ጭረት ከሁሉ የከፋ ነው።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ለተራ ቤተሰብ፣ ቴሌቪዥኑ 32 ኢንች ለሆነና ከሦስት ሜትር ለሚያይ፣ ኮድ በማይጠይቅ ማጫወቻ ላይ ኦሪጅናል ዲቪዲ እመርጣለሁ። ባቢሎን 5ን እና ኔክስት ጀነሬሽንን ለሚፈልግ፣ ፕሌይስቴሽንም ላለው፣ የእንግሊዙ ብሉሬይ። ለፋየርፍላይ የትኛውም ኦሪጅናል ሳጥን ይሆናል፤ ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው። ለዲፕ ስፔስ ናይንና ለቮየጀር ዲቪዲ። ዶርም ለሚኖር ተማሪ ፍላሹ ይበቃዋል፤ የሚወደውን ካገኘ በኋላ የዚያን አንዱን ሳጥን ይግዛ።

ለሚያመጣላችሁ ዘመድ «አንድ ሳይፋይ ፊልም አምጣልኝ» ብላችሁ አትተዉት። እንዲህ ብላችሁ ጻፉለት፦ «ጋሼ፣ ባቢሎን 5 ሙሉውን በብሉሬይ፣ በ2023 መጨረሻ የወጣውን ነው የምፈልገው። ከመክፈልዎ በፊት የሳጥኑን ጀርባ ፎቶ ይላኩልኝ፤ ቢ የሚል ምልክት አለው ወይም ጭራሽ ምልክት የለውም የሚለውን አያለሁ። ኤ ብቻ የሚል ከሆነ ይተዉት። ያገለገለ ከሆነም ዲስኮቹ መሟላታቸውን ይቁጠሩልኝ።»